ግማሽ ፊት

ባሌ የሙዚቃ መጽሔት ሽፋን ነዳፊ ነው። አናቱ ላይ ፀጉር ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ሰፈሩ «ባለሽፋኑ» ይለዋል። በስሙ የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም ስናደድ።

ጠባዩስ ግድ የለም፤ የሚያደክመኝ ጥያቄው ነው። አውቶቡስ ውስጥ አንዷን ልጅ «ይሄን ቀለም ቦርሳ ለምን መረጥሽው?» ብሎ ይጠይቃል። «ኧረ ሰው ይታዘብሃል!» ብዬ በክርኔ እጎስመዋለሁ። እሱ እቴ!

ባለፈው እትም ግን ጉድ ፈላ። የዘፋኟን ፊት በስተቀኝ አድርጎ ግራውን በሙሉ ሰማያዊ ለቀቀው። ኮምፒውተሩ ላይ ሳየው እኔ ራሴ እሰይ ብያለሁ። ኪዮስኩ ውስጥ ግን መጽሔቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ነው የሚደረደሩት፤ የሚታየው የግራ ጠርዛቸው ብቻ ነው። ያቺ ቆንጆ ፊት ተሸፍና ቀረች።

«ሰማያዊ ወረቀት ነው እንዴ የምንሸጠው?» አለው የመጽሔቱ ባለቤት። «አንተ መጽሔቱን ከሚገዙት ልጆች ርቀሃል። የሚቀጥለውን ካላነሱት ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ያንገበገበው የመባረር ዛቻው አልነበረም፣ «ርቀሃል» መባሉ ነው። እኔም ቆሽቴ አረረ።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት የሰፈራችን ትምህርት ቤት አጠገብ ካለው ኪዮስክ ጎን መቆም ጀመረ። ሌባ ነው ብለው እንዳይዙብኝ እየሰጋሁ እቤት ልብስ እሰፋለሁ፤ እሱ እየሮጠ ይመጣና ወሬውን ያራግፈዋል። «እየተራመዱ እኮ ነው የሚያዩት! ዓይን ለዓይን ካልገጠሙ አይቆሙም። ጽሑፍ ከበዛበት ደግሞ የፈተና ወረቀት ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ይሸሻሉ።»

አንድ ቀን ደግሞ አንዲት ልጅ በመጽሔት ግማሽ ፊቷን ሸፍና ፎቶ ስትነሳ አየ። «ለምን ግማሹን?» እያለ እራቱን ሳይበላ አቀዘቀዘው።

«ብጉር ወጥቶባት ይሆናላ!» አልኩት።

የምሬን መስሎት ቁጭ ብሎ አሰበበት።

በማግስቱ ከገበያ ስመለስ የስፌት መኪናዬ ጋ ተቀምጦ የዘፋኟን ፎቶ ከግንባሯ እስከ አገጯ መሃል ለመሃል ይቆርጣል። በምን? በጨርቅ መቀሴ! ልብስ የሚሰፋ ሰው ያውቀዋል፤ ወረቀት የቆረጠ መቀስ ከዚያ ወዲያ ጨርቅ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ጮኼ ቤቱን አናጋሁት። እሱ ግማሿን ፊት ፊቱ ላይ ለጥፎ «እስቲ እዪኝ» አለኝ።

በአንድ በኩል ኩል የተኳለ ዓይን፣ በሌላ በኩል የባሌ ጢም! ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፣ ሆዴን ይዤ መሬት ቁጭ አልኩ።

«ሳቅሽ! በቃ፣ ይሄው ነው» አለ።

ከግራው ጠርዝ የሚጀምር ግማሽ ፊት ሠራ፤ ኪዮስክ ውስጥ ሲነባበርም አንድ ዓይን አፍጥጦ ይታያል። የመጽሔቱ ባለቤት ገልመጥ አድርጎት «ሌላው ግማሽ የት ገባ?» ቢለው፣ «አንባቢው ጋ ነው» ብሎ መለሰለት። ሰውየው እያጉረመረመ ፈቀደ።

መጽሔቱ በወጣበት ቀን የደንበኛዬን ቀሚስ ያለ እጅጌ ትቼ አብሬው ሄድኩ። ከኪዮስኩ ማዶ ቆምን። እጄን ይዞኛል፤ ሞቀኝ ብሎ ጃኬቱን እኔን አስይዞኛል። ተማሪዎቹ ወጡ። የመጀመሪያዎቹ ዝም ብለው አለፉ። ሌሎቹም አለፉ። አንጀቴን በላኝ፣ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ድንገት አንዲት ልጅ አልፋ ሄዳ ተመለሰች። መጽሔቱን መዘዝ አድርጋ ፊቷ ላይ ገጠመችው። ጓደኛዋ በሳቅ እየፈረሰች ፎቶ አነሳቻት። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! ሻጯ እጅ አጠራት። እልል ልል ዞር ስል ባሌ አጠገቤ የለም፤ አስፋልቱን ተሻግሮ ልጅቱ ጋ ደርሷል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ሲላት እሰማለሁ።

«ውይ አባባ፣ ይሄ እኮ የልጆች ነው፤ አይገባዎትም» አለች። ወዲያው አሳዘናት መሰለኝ፣ «ይምጡ ላሳይዎት» ብላ የገዛ ሥራውን ፊቱ ላይ ደገነችለት። «አፍንጫዎን ከጠርዙ ጋ ያገጣጥሙ። አይ፣ እንደሱ አይደለም!»

ደሜ ፈላ። የሠራው እሱ ነው ብዬ ልጮህባት ስል ስልኩ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ጠራ፤ ጃኬቱን እኔ ነበርኩ የያዝኩት። የመጽሔቱ ባለቤት ነው። ከየኪዮስኩ ጨምሩልን እያሉት ነው አሉ። «ማንንም አልቀጥርም በይው፤ አገናኚኝ» አለ።

«ኧረ ና!» ብዬ ጮህኩ ወደ ማዶ። «ማንንም አይቀጥርም! ስልክ ላይ ነው፣ ይጠብቅሃል!»

ባሌ በዚያች ኩል በተኳለች ዓይን አየኝና እጁን አወዛወዘ።

«ትንሽ ይቆይ በይው!» አለ። «ሌላ አያያዝ እያሳየችኝ ነው!»