ያመሰገንኩት አንቲቫይረስ

በቤታችን ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚጨነቅ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የቡታጋዙን ቁልፍ ዘግቼ፣ መዘጋቱን አይቼ፣ ከበር ላይ ደርሼ እንደገና የምመለስ ሴት ነኝ። ከተማችን ሮቤ ላይ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ፣ ጠቅልዬ፣ ከሶኬቱ አርቄ አስቀምጣለሁ። ይህ ሁሉ ግን ኮምፒውተራችን ውስጥ ይኖር ከነበረው አንቲቫይረስ ጋር ሲወዳደር ግድየለሽነት ነው።

የጫነልን ጎረቤታችን ነው። ዋናው መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ኮምፒውተርም ይጠግናል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ኮምፒውተር እንደገዛንላት ሰምቶ፣ ሳንጠራው መጣ። «አዴ፣ እንዲሁ ባዶውን አይተዉትም፣ ጠባቂ ያስፈልገዋል» አለኝና በነጻ ጫነልን። አዴ የሚለኝ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት ስለምትጠራበት ነው። ሳንቲም አልቀበልም አለ። አብልቼ፣ መርቄ ሸኘሁት።

ጠባቂው በዚያው ቀን ሥራ ጀመረ። ከኮምፒውተሩ ጥግ ቀይ መስኮት ብቅ ይልና አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ትናገራለች። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ስለሆነ ፊደሎቹን ብለይም የምትለው አይገባኝም። ድምጿ ግን ቤታችሁ እየተቃጠለ ነው የሚል ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሴትዮዋ በተናገረች ቁጥር እየሮጥኩ ገመዱን እነቅል ነበር። ልጄ «እማዬ፣ ኧረ እየጻፍኩ ነው!» ብላ ትጮሃለች። እኔ ደግሞ ሕይወቷን ያተረፍኩ ይመስለኛል።

ቀስ በቀስ የሚይዛቸውን አደገኞች አወቅናቸው። የእህቴ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ አደገኛ ሆኖ ተገኘ። መዝሙሮቻችን ተጠረጠሩ። ልጄ አማርኛ የምትጽፍበትን ፕሮግራም አንድ ቀን ጠዋት ጠራርጎ አጠፋውና፣ ከጥፋት አድኛችኋለሁ የሚል ትልቅ አረንጓዴ ምልክት አሳየን። ከዚያው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በፍላሽ የመጣ እውነተኛ ቫይረስ ፎልደሮቻችንን አንድ በአንድ ሲደብቃቸው ግን ትንፍሽ አላለም። ምናልባት ከአንድ ሱቅ ስለመጡ ተከባብረው ይሆናል።

«እናጥፋው» አለች ልጄ።

«ሰው በነጻ የሰጠንን?»

«እማዬ፣ ፕሮግራም እኮ ነው። ሙክት አይደለም።»

«ቢጠይቀኝ ምን ልለው ነው?»

ደግሞ ይጠይቃል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ በኦሮምኛ ሰላምታ ይጀምራል። «አካም ጂርቱ አዴ? ነጋ? ጋሼ ደህና ናቸው? ልጅቷስ?» ይልና በመጨረሻ፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ነገርስ?» ይለኛል።

«ኧረ እሱማ ምን ይወጣለታል! እንቅልፍ የለው» እላለሁ። ውሸት አልነበረም። እኛንም አያስተኛንም ነበር።

የአገልግሎት ጊዜው አልቆ ሊሞትልን ሲል፣ ጎረቤታችን ራሱ መጥቶ ያድሰዋል። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ምን ማድረግ እችላለሁ? ባለቤቴን እንዳላማክር፣ ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚያከብር ሰው ነው። «የማታውቁትን ነገር አትነካኩ» ብሎ ሬዲዮውን ይከፍታል።

እንዲህ እየኖርን ልጄ ለመመረቅ ደረሰች። የመመረቂያ ጽሑፏ ሃረና ጫካ ውስጥ ራሱ ስለሚበቅለው ቡና ነው። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ፣ ቡና ለቃሚዎቹ እያንዳንዱን የጫካ ዛፍ ምን ብለው እንደሚጠሩት ላረጋግጥ ብላ ወደዚያው ወረደች። እኔ መንገዱን፣ ብርዱን፣ ጅቡን፣ የአውቶቡሱን ፍሬን ሁሉ ጠቅሼ ለምኜ ነበር። አልሰማችኝም። ጽሑፉን በፍላሽ ገልብጣ ይዛለች። ስሞቹን አስተካክላ፣ ኔትወርክ ካለበት ከደሎ መና ለመምህሯ ልትልክ ነው። መምህሩ የወሰነው ቀን ደግሞ ቁርጥ ነበር፤ በዚያ ቀን አስራ አንድ ሰዓት ካለፈ አይቀበልም። ካልተቀበለ ምረቃዋ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

በዚያ ቀን ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ ደሎ መና ነኝ። ፍላሹ ባዶ ነው።»

«እንዴት ባዶ ይሆናል?»

«ያንቺ ጠባቂ ስገለብጠው በልቶታል! እባክሽ ኮምፒውተሩን ክፈቺና ዋናው መኖሩን እዪልኝ።»

ኮምፒውተሩ ላይ የጣልኩትን የዳንቴል ልብስ ገልጬ ከፈትኩት። ጽሑፉ በቦታው የለም። ጥግ ላይ ቀዩ መስኮት ተሰቅሏል፤ ሴትዮዋም ስለ ድሏ ታወራለች።

«ታስሯል» አልኳት።

ጠባቂው የጠረጠረውን ፋይል ሁሉ የሚያስርበት ቦታ አለው፤ የት ገብቼ እንደምፈታው በስልክ መራችኝ። ፈታሁት። ዓይኔ እያየ መልሶ አሰረው። እንደገና ፈታሁት፤ እንደገና አሰረው። የቡና ጽሑፍ ምኑ እንደሚያስጠረጥር እስከ ዛሬ የነገረን የለም። የዛፎቹ ስም አላማረው ይሆናል። ጠባቂውን ራሱን ላጠፋው ስል ደግሞ የይለፍ ቃል አምጪ አለኝ።

«እሱን የሚያውቀው የጫነው ሰውዬ ነው። ደውይለት» አለች ልጄ።

«ምን ብዬ? የሰጠኸኝን ልጥለው ነውና መክፈቻውን አቀብለኝ ይባላል?»

«እማዬ!»

«ቀስ ብዬ ዘዴ ልፈልግ…»

«አንቺንና ይሄን ፕሮግራም አንድ እናት ነው የወለደቻችሁ» አለችኝ። «ክፉ እንዳይነካው ብላችሁ ሰው ታስራላችሁ!»

ዘጋሁባት። ለስድቧ መልስ አጥቼ አልነበረም፤ ሰዓቱ እየሄደ ስለነበር ነው።

ጎረቤታችን ሱቁ ውስጥ አልነበረም። የአጨዳ ወቅት ስለሆነ ከከተማው ወጣ ብሎ ሲናና የሚባል ገጠር፣ የአባቱ የስንዴ ማሳ ላይ ነው። ስልኩን ሲያነሳ ከበስተጀርባው የማጨጃው ኮምባይነር ይጮሃል። እንደ ደንቡ ሰላምታው ተጀመረ። እኔን ጠየቀ፣ ጋሼን ጠየቀ። እኔ ደግሞ እናቱን፣ የእናቱን ጉልበት፣ ስንዴውን፣ ዝናብ ሳይመታው ይደርስ እንደሆነ ጠየቅኩ። ልጄ ደሎ መና ላይ እያለቀሰች እኔ ስለ ሰው ጉልበት አወራለሁ። ሰላምታ ግን እንዴት ይቆረጣል?

«ያ ነገርስ አዴ?» አለ በመጨረሻ።

«እሱማ ደህና ነው» አልኩ። አፌ ለምዶበታል። «ጠንካራ ነው። በጣም ጠንካራ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«ከመጠንከሩ የተነሳ የልጄን መመረቂያ ጽሑፍ አስሮ እንቢ አለኝ።» ዓይኔን ጨፍኜ ጨረስኩት። «ወንድሜ፣ ላጠፋው ነው። እንዳትቀየመኝ።»

የሰማሁት ሳቅ ከኮምባይነሩ ድምፅ በላይ ነበር።

«አዴ! እኔ እኮ ከሱቄ ካባረርኩት ቆየሁ! ኮምፒውተሮቼን ሁሉ ሽባ አድርጎብኝ!»

«ታዲያ እኛ ቤት እየመጣህ ለምንድን ነው የምታድሰው?»

«እርስዎ ሲያመሰግኑት! ባገኘሁዎ ቁጥር ‹ምን ይወጣለታል› ሲሉኝ፣ እንዴት ብዬ ላውጣብዎ? ይከፋዎታል ብዬ ፈራሁ። እሱን ለማሳደስ የምለፋውን ልፋት ባወቁልኝ!»

ምን ይባላል? እኔ እሱን እንዳላስከፋ፣ እሱ እኔን እንዳያስከፋ፣ ሁለት ጨዋ ሰዎች ተባብረን አንድ አውሬ ስንቀልብ ኖረናል።

የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ጮኾ ነገረኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ጠባቂውን ላጠፋ እጄን ስሰነዝር፣ «እንዳይነኩ!» አለ። «መጀመሪያ እስረኛውን ያውጡ፣ ከዚያ እስር ቤቱን ያፍርሱ። ቀድመው ካፈረሱት ጽሑፉም አብሮ ይቀበራል።» የጋለ ምጣድ እንደነካ ሰው እጄን አነሳሁ። ለጥቂት ደቂቃ የሚያስተኛው ቦታ አለ፤ እዚያ ገብቼ አስተኛሁት። ጽሑፉን ፈታሁት። ጠበቅኩ። አልታሰረም።

«አሁን ሳይነቃ ያስወጡት» አለኝ። «ሁለት ቁልፍ ያሳይዎታል። የሚያምረውን አይንኩ። ትንሿን፣ ቀለም የሌላትን ይንኩ።»

የሚያምረውን ነካሁ። አረንጓዴ ነበር፤ እጄ ራሱ ሄደ። ኮምፒውተሩ በደስታ አብረቀረቀ፤ እንደ ጎረቤታችን ትርጉም፣ አብራችሁን በመቆየታችሁ እናመሰግናለን ማለቱ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ገባሁ። ትንሿን ነካሁ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። ነኝ አልኩት። ለምን ልታሰናብቺን ፈለግሽ ብሎ ምክንያት ደረደረልኝ። እኔ ፊደሎቹን ስቆጥር ጎረቤታችን ማሳ ላይ ቆሞ ይተረጉማል። ልጄን ከምረቃ ልታስቀርብኝ ነው የሚል ምክንያት ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ዝም ብዬ አንዱን መረጥኩ። ይህን ያህል ወር በነጻ ልጨምርልሽ አለኝ። እንቢ አልኩ። ኮምፒውተርሽ ለአደጋ ይጋለጣል አለኝ። ይጋለጥ አልኩ። ሠራተኛ ሲሰናበት እንኳ እንደዚህ ደጅ የሚጠና አላጋጠመኝም።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳ አለ። ጠፋ። ይህን ጊዜ ሰማዩ አጉረመረመ።

ሮቤ ላይ መብራት ያለ ሰበብም ይሄዳል፤ ሰማይ አጉረምርሞ ሰበብ ሲያገኝማ ይፈጥናል። አምፖሉ አንዴ ጭልም ብሎ ተመለሰ። እጄ ወደ ገመዱ ሄደ። ብነቅለው ጠባቂው ግማሹ ገብቶ ግማሹ ወጥቶ ይቀራል ብሎኛል ጎረቤቴ። ሁለቱን እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ፣ ስክሪኑ ላይ የምትዞረውን ክብ እያየሁ ተቀመጥኩ። የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ፤ የኮምፒውተር ነገር የትኛውን እንደሚመለከት ስለማላውቅ አንዱንም አልዘለልኩም።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። ቀዩ መስኮት የለም፤ ሴትዮዋም የለችም። የልጄ ጽሑፍ መሀል ላይ ቁጭ ብሏል።

የሚቀረው በቴሌግራም መላክ ነው። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ከስልኬ ነው፤ ስልኬ ደግሞ ከተናገርኩበት ኢንተርኔቱን ይዘጋል። ስለዚህ ልጄ ጋ ስደውል አንዴ ነግራኝ ስልኩን ዘጋችው። «ጽሑፉን ጎትተሽ ስሜ ላይ ጣይው። ከዚያ ምንም፣ ምንም እንዳትነኪ!» የሚመክረኝ ድምፅ ሳይኖር ጎተትኩት። ጣልኩት። መስመሩ እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል። መሀል ላይ ቆመ። ምንም አልነካሁም። በሕይወቴ አንድን ነገር ሳልነካ፣ ሳላስተካክል፣ ሳልሸፍን እንደዚያ የቆየሁበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ መስመሩ ነቃና ሞላ።

ስልኬ ጮኸ። «ደረሰ እማዬ! ተከፈተ!»

«ዝም ብለሽ ስሞቹን አስተካክለሽ ላኪው! ሰዓቱን እዪው!»

አስራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እንደገና ደወለች። መምህሩ ደርሶኛል ብሎ ጽፎላታል። ድምጿ ተለወጠብኝ፤ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አቃተኝ። እኔም እንዳይታወቅብኝ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«በልቻለሁ። እማዬ፣ ነገ ወደ ቤት አልመጣም። ተመልሼ ሃረና እገባለሁ። ስሞቹን የነገሩኝ ሰዎች መድረሱን ሳልነግራቸው አልሄድም፣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። መንገዱ፣ ዝናቡ፣ ጅቡ፣ የአውቶቡሱ ፍሬን፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ተሰልፈው ነበር።

«ሂጂ» አልኳት።

ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰላት። «ሄሎ? እማዬ?»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ። ስትነሺ ደውይልኝ። ስትደርሺም። መሀል ላይም ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ካገኘሽ፣ ሹፌሩን አስቁሚውና ደውይልኝ።»