ለእናቴ የተላከ ጥጥ

ይህ የሆነው የዛሬ አራት ዓመት፣ እናቴ በሞተች በአራተኛው ወር ነው። ከዚያ ዓመት ብዙውን ነገር ረስቻለሁ። ይህችን አንዲት ቀን ግን እስከነገበያዋ አስታውሳታለሁ።

የምንኖረው ቀጨኔ ነው። እናቴ አስካለ ጥጥ እየፈተለች ለሰፈሩ ሸማኔዎች በመሸጥ ነው ያሳደገችኝ። ስንቀብራት አላለቀስኩም። ለቀስተኛው ደረቱን ሲመታ እኔ ወንበር ያነሰ እንደሆነ አይ ነበር። ከቀብር በኋላም እንባ እምቢ አለኝ። “ልቧ ድንጋይ ነው” ብለው ያሙኝ ነበሩ። አልተቀየምኳቸውም፤ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

በጸሐፊነት የምሠራበት ትምህርት ቤት መምህራን አንኮበርን ሊጎበኙ ሲነሱ፣ “ነይ፣ ትንሽ ይውጣልሽ” ብለው ጎትተው ወሰዱኝ። አንኮበር አድረን በማግስቱ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ወረድን። ድሮ የሲራራ ነጋዴ ከቆላም ከደጋም የሚገናኝበት ከተማ ነው ይባላል፤ የደረስነውም በገበያው ቀን ነበር። መንገዱ ላይ ባልደረቦቼ በየገደሉ አፋፍ እየቆሙ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ከእንጦጦ ሥር ስላደግሁ ነው መሰለኝ፣ ተራራው ምንም አላለኝም። በዚያን ጊዜ ምንም ነገር ምንም አይለኝም ነበር።

እናቴ የተወለደችው እዚያው አካባቢ ነው። በልጅነቷ ጥጥ መፍተል አብረዋት የተማሩ ጦይባ የሚባሉ ጓደኛ እንዳሏት ትነግረኝ ነበር። ስልክ የላቸውም፤ ሰላምታ የሚላላኩት በመንገደኛ ነው። “አልዩ አምባ ከሄድሽ ጦይባን ሳትጠይቂ እንዳትመጪ” ትለኝ ነበር። እኔም ገበያው መሃል ስደርስ፣ ምን እንደምነግራቸው ሳላስብ፣ ጥጥ ሻጯ ጦይባ የት እንዳሉ ጠየቅሁ።

ጥላ ሥር ጥጣቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ገና ሳልናገር ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ።

“የአስካለ ልጅ ነሽ” አሉ። “ቁርጥ እሷን።”

“አዎ፣ እማማ።”

“አስካለስ? ደህና ናት?”

ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በቤታቸው፣ የሚደግፋቸው ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። እዚህ ገበያ መሃል ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ እኔም ብቻዬን ነኝ። አንድ ነገር ቢሆኑስ?

“ደህና ናት” አልኳቸው።

ዓይናቸው ሻሼ ላይ ቆየ። ከዚያ “አልሐምዱሊላህ” ብለው ጎንበስ አሉና ከጥጡ ነጭ ነጩን እየመረጡ በጨርቅ ቋጠሩልኝ። “ትፍተለው በያት” አሉ። ጉንጬን ሳሙኝ፤ እጄን ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

እስክንመለስ ድረስ ቋጠሮው ጭኔ ላይ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ “ደህና ናት” ብዬ አላውቅም ነበር። መዋሸቴ ሊያሳፍረኝ ሲገባ፣ እሱም አልተሰማኝም።

ቀጨኔ ስደርስ ለእናቴ ወንድም ለጋሽ በቀለ የሆነውን ነገርኩት። አስቀድሞ ጥጡን፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

“እንዲህ እንደለበስሽ ነው ደህና ናት ያልሻቸው?” አለ።

ራሴን አየሁ። ቀሚሴም ጥቁር፣ ሻሼም ጥቁር። አራት ወር ሙሉ ከላዬ ስላልወረደ ጥቁር መልበሴንም ረስቼው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እኔና አጎቴ አንድ የእድር ሽማግሌ ይዘን አልዩ አምባ ወረድን። እንደ ደንቡ ማታውኑ ለጎረቤቶቻቸው ነግረን፣ በአንዱ ቤት እንግድነት አድረን በማለዳ እማማ ጦይባ ቤት ሄድን። ጎረቤቶቻቸው ቀድመውን ተሰብስበዋል። እማማ ጦይባ መሃል ተቀምጠው በሩን ያያሉ። አጎቴ አፉን ሳይከፍት፣ “ዛሬስ መጣችሁ?” አሉና ለቅሷቸውን ለቀቁት።

ሲረጋጉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። “እማማ፣ ያን ቀን አውቀው ነበር?” አልኳቸው።

“ጥቁርሽን ከሩቅ እያየሁ፣ እንዴት አላውቅም?”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?”

“ፊትሽ ደርቆ ነበር። ገበያ መሃል እኔ ባለቅስ፣ አንቺን ማን ይይዝልኛል? ባዶ እጅሽንም እንዳትመለሺ ብዬ ጥጡን ሰጠሁሽ።”

እኔ ለእሳቸው የሚደግፋቸው ሰው የለም ብዬ ዋሸሁ። እሳቸው ለእኔ የሚይዘኝ ሰው የለም ብለው፣ የልጅነት ጓደኛቸውን ለቅሶ ሁለት ሳምንት በሆዳቸው ይዘው ቆዩ። ይህን ሳስብ ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ ጣልኩና አለቀስኩ። ብዙም አልነበረም፤ ጎረቤቶቹ ቡና እስኪያፈሉ እንኳ አልቆየም። ግን የእናቴ ለቅሶ ነበር።

ዛሬም ቶሎ የምታለቅስ ሰው አልሆንኩም። በዚህ ማፈሬን ግን ትቻለሁ። ጥቁሩን ካወለቅሁ ቆየ። ጥጡን በእናቴ እንዝርት ልፈትለው ሞክሬ ክሩ እየተበጠሰ ስላስቸገረኝ፣ መልሼ ቋጥሬ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ደህና የሆንኩ ሲመስለኝ ወርዶ ይፈተላል እላለሁ። እስካሁን አልወረደም።