የመሠረት ኪቦርድ

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ልጅ አዲሱን ኮምፒውተሬን አየችና፣ «ጋሼ፣ ኪቦርዱን እንደሚመችዎ አላስተካክልልዎትም?» አለችኝ። «ተይው፣ እንዲሁ መጠቀም ለምጃለሁ» አልኳት። ድሮ ግን በዚህ ሥራ የሚያህለኝ አልነበረም።

ደብረ ብርሃን የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ከሰላ ድንጋይ የመጣች መሠረት የምትባል ጓደኛዬ ከእኔ አንድ ዓመት ዝቅ ብላ ፕሮግራሚንግ ትማር ነበር። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት የጥር ሰሞን የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠና የቀኝ እጇ ጣቶች አልታዘዝ አሏት። ትምህርቱን ልትተው ወስና ልትሰናበተኝ መጣች።

«በአንድ እጅ ኮድ የሚጽፍ ሰው አይተሃል?»

«ሁለት ሳምንት ስጪኝ» አልኳት።

ኮድ የምንጽፍበትን ፕሮግራም ከፍቼ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቀየርኩ። ስፔሱን፣ ረጅሙን የታች ቁልፍ፣ በአውራ ጣቷ ተጭና ስትይዝ፣ የቀኝ እጅ ፊደላት የግራ እጅ ጣቶቿ ሥር ይመጣሉ። ተርሚናሉን፣ ያንን ትእዛዝ የምንሰጥበትን ጥቁር መስኮትም፣ ረጃጅሙን ትእዛዝ በአንድ ፊደል እንዲቀበል አደረግሁት። ኮምፒውተር ክፍል ጋቢ ተከናንበን፣ ተደብቀን ቆሎ እየቆረጠምን ተለማመደች፤ መጀመሪያ እያለቀሰች፣ ኋላ እየሳቀች። ግንቦት ላይ ሁለት እጅ ካላቸው ብዙዎቹ ትፈጥን ነበር። እኔም ወደድኳት፤ አልነገርኳትም እንጂ።

የኮምፒውተር ክፍሉ ማሽኖች በጠፉ ቁጥር የተቀየረውን ሁሉ ስለሚረሱ፣ ሥራዬ የሚኖረው በአንዲት ፍላሽ ላይ ነበር። መምህሯም በእሱ እንድትፈተን ፈቅዶላታል። የሰኔው የተግባር ፈተና ሰኞ ጠዋት ሊሆን፣ ዓርብ ዕለት «ትንሽ ላሳምረው» ብዬ ፍላሹን ወሰድኩባትና ቤተሰቦቼን ልጠይቅ አንኮበር ሄድኩ።

ሰኞ ማለዳ እናቴ ትኩስ የገብስ ዳቦ ቋጥራ ሸኘችኝ። ያደረው ዝናብ መንገዱን አርሶት ስለነበር ሚኒባሱ መንገድ አጋማሽ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ጉሙ ክንድ አያሳይም።

«ኧረ ቶሎ እንውጣ፣ ፈተና አለ!» ብል፣ ሹፌሩ «ወንድሜ፣ ጭቃ ፈተና አያውቅም» አለኝ።

ስደርስ ፈተናው አልቆ ሁሉም ወጥቷል። መሠረት ብቻ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ፍላሹን ሳወጣ አየችው።

«እጄ እኮ አንተ ኪስ ውስጥ ነበር» አለች። አልጮኸችም።

«መምህርሽን ልለምነው፣ ሌላ ቀን ይፈትንሽ።»

«አንተ ካልመጣህ አንዲት መስመር የማልጽፍ ሰው ሆኜ አልማርም።»

በዚያው ሳምንት አገሯ ገባች። ክረምቱ ሲወጣ ሰላ ድንጋይ ድረስ ተከትያት ሄድኩ። ምሳ አበላችኝ፣ ስለ አዝመራው አጫወተችኝ፣ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ልሳፈር ስል፣ «ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ተመልሰህ አትምጣ» አለችኝ። አልተመለስኩም።

ለዓመታት ዝናቡን ስወቅስ ኖሬያለሁ። አሁን ፀጉሬ መሸበት ሲጀምር ግን እውነቱን ለራሴ መደበቅ አቃተኝ። አንድ ቅጂ ብተውላት ከፋይሉ ምንም አይጎድልም ነበር፤ መቅዳቱ የዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይፈጅም። ረስቼም አልነበረም። ያለ እኔ እንዳትችል ፈልጌ ነው።