ከማማ ኦዜላ ጋር የተቀበረው መዝገብ

ቨርዲል ቶሊቨር ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ለአራተኛ ጊዜ ልትጀምር ስትል እህቷ ሉርሊን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ወዲህ በይው። ደጋግመሽ ስላነበብሽው ቃሉ ይለወጥ መሰለሽ?»

ደብዳቤው የመጣው ከካውንቲው አስተዳደር የቅርስ ኮሚቴ ነው። በስዊት ገም መገንጠያ፣ የድሮው ክሊኒክ በነበረበት ቦታ የብረት መታሰቢያ ሰሌዳ ሊቆም ታስቧል። በሰሌዳው ጽሑፍ ረቂቅ ላይ የሐኪሙ ስም አለ፤ ክሊኒኩ የተከፈተበት ዓመትም አለ። ክሊኒክ የሚባል ነገር ሳይኖር ሠላሳ ዓመት፣ ከተከፈተም በኋላ ብዙ ዓመት የጥቁሮቹን ሰፈር ሕፃናት ያዋለደችው የኦዜላ ቶሊቨር ስም ግን የለም። ቨርዲል ስለ አያቷ ጽፋ ልካ ነበር፤ ይኸው መልሱ። በትሕትና የተጻፈ ነው። ስሟን ለማስገባት በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን የልደት ወረቀት በካውንቲው ምድር ቤት ውስጥ ውኃ ገብቶበት ስለጠፋ፣ ቤተሰቡ በእጁ ያለውን እስከ ወሩ መጨረሻ ቢያቀርብ ኮሚቴው ደስ ይለዋል።

«ቤተሰቡ በእጁ ያለውን» አለች ሉርሊን መነጽሯን እያወለቀች። «እና የት እንዳለ ንገሪያቸዋ። አካፋው ጓሮ አለልሽ፤ ሂጂ ቆፍሪ።»

ቨርዲል ደብዳቤውን መልሳ ተቀበለቻት። የት እንዳለ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የአያቷ የልደት መዝገብ ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ነበር። ማማ ኦዜላ ነጭ ሽርጧን ታጥቃ፣ መጀመሪያ በበቅሎ፣ በኋላም በተላከላት መኪና እየሄደች የተቀበለችውን ሕፃን ሁሉ ትጽፍበት ነበር፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የእናቲቱን ስም፣ በእጅ ሚዛን የመዘነችውን ክብደት። የምትጽፍበት እርሳስ ጫፉ በምራቅ ሲርስ ሐምራዊ የሚሆን ዓይነት ነው። የሰፈሩ ልጆች «ማማ፣ ምላስሽን አሳዪን!» እያሉ ይከተሏት ነበር፤ እሷም ደስ ካላት ታሳያቸዋለች። የመጨረሻው ገጽ ሲሞላ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሕፃናት ተመዝግበው ነበር። ቨርዲል ይህን ቁጥር በቃሏ ትይዘዋለች። በቃል የተያዘ ቁጥር ደግሞ ለኮሚቴ ማስረጃ አይሆንም።

ማማ ኦዜላ ስታርፍ ቨርዲል አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በስዊት ገም ሰው ሲሞት ባዶ እጁን አይሸኝም። አናጺው ከሜትሩ ጋር ይቀበራል፣ ዘማሪዋ ከመዝሙር መጽሐፏ ጋር። ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ቨርዲል መዝገቡን ከመሳቢያው አውጥታ አያቷ ደረት ላይ አኖረችው፤ የቀዘቀዙትን ጣቶቿንም አንድ በአንድ አስያዘቻቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በአሜን ተናወጠ። አንድ ሰው ከኋላ ተነሥቶ «ጌታ ሲጠይቃት ቆጥራ ታስረክባለች!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሃምሳ ሦስት ዓመታት ቨርዲል ይህን ቀን ባስታወሰች ቁጥር አንገቷ ቀና ይል ነበር። አሁን ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ግን ያን ቀን ማስታወስ አልፈለገችም።

ረቡዕ ረቡዕ ከቤት ለማይወጡ አረጋውያን ምግብ ታደርሳለች። የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠርታ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ያላስታጎለችው ሥራ ነው። በዚያ ረቡዕ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጎመንና የበቆሎ ዳቦ ይዛ ሚስ ቲዮዶዥያ ቤት ገባች። ሚስ ቲዮዶዥያ ዘጠና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ አፏ ግን አልደከመም።

«ጎመኑ ጨው የለውም።»

«ሐኪሙ ከልክሎሽ ነዋ፣ ሚስ ቲዮዶዥያ።»

«ሐኪሙ ሊበላው እንኳ መጥቶ አያውቅም። በይ መጽሐፍ ቅዱሱን አምጪና መዝሙር አንብቢልኝ።»

መጽሐፉ ከባድ ነው። ቨርዲል ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትገልጠው ከመዝሙሩ አልፎ በብሉይና በአዲስ ኪዳን መካከል ተከፈተ፤ የቤተሰቡ ልደት የሚጻፍበት ገጽ። ሰባት ልደት ከነቀኑና ከነዓመቱ ተጽፎበታል፣ ሰባቱም በሐምራዊ። «ወንድ። ስምንት ፓውንድ። ጎሕ ሲቀድ። በእጄ ተቀበልኩት። ኦዜላ ቶሊቨር።»

«ምን አፈጠጥሽ? ዕድሜ ልትቆጥሪብን ነው?»

«ይሄን... ማማ ናት የጻፈችው?»

«ታዲያ ማን ሊጽፈው ኖሯል? ሳትጽፍ ሾርባ እንኳ አትቀምስም ነበር። ‹ደብተሬ የእኔ ነው፣ ይሄ ደግሞ የናንተ ነው› ትል ነበር።»

ቨርዲል የራሷና የሉርሊን ልደት በቤታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በዚሁ እርሳስ እንደተጻፈ ታውቃለች። አያት የልጅ ልጆቿን ጻፈች ብላ ነው እንጂ፣ በየሰዉ ቤት እንዲህ ታደርግ ነበር ብላ አስባ አታውቅም። መዝሙሩን አነበበች፤ ምን እንዳነበበች ግን አላወቀችም።

እሑድ ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት ማውንት ኔቦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብድግ አለች።

«ማማ ኦዜላ የጻፈችበት መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ፣ ለአንድ ሳምንት አውሱኝ።»

ዲያቆን ሆዚያ ከወንበሩ ተነሣ።

«እህት ቨርዲል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ደሞ ይዋሳል እንዴ? ቤታችን ሲቃጠል አባቴ ከእኛ በፊት ያወጣው እሱን ነው።»

«አንተንማ እዚያው በተወህ!» አለች ሚስቱ፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«ለምንድን ነው ግን? የማማ መዝገብ እናንተ ቤት አይደል?» አለች እህት ዊልሄልሚና። ዊልሄልሚና ስልሳ አምስተኛ ልደቷን ለአሥራ ስምንተኛ ጊዜ ያከበረች ሴት ስለሆነች የልደት ገጽ ሲነሣ ደስ አይላትም።

ቨርዲል የፊቱን አግዳሚ ወንበር በሁለት እጇ ያዘች። «መዝገቡ እኛ ቤት የለም። ማማ ይዛው ሄዳለች፤ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ጥሩ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ስሟን የሚያስመሰክር ወረቀት ስጠየቅ የምሰጠው የለኝም።»

ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። ሉርሊን ከጎኗ ቀሚሷን ሳብ አደረገቻት፣ ተቀመጪ ለማለት። ቨርዲል አልተቀመጠችም።

«ያን ቀን እዚህ ነበርኩ» አለ ዲያቆን ሆዚያ ቀስ ብሎ። «‹ቆጥራ ታስረክባለች› ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። አንቺ ልጅ ነበርሽ። አሜን ያልነው ትልልቆቹ ነን።» ከዚያም «መጽሐፌን አላውስም። ይዤው እመጣለሁ» አለ።

ቨርዲል ለኮሚቴው ደውላ ነበርና ቅዳሜ ከዚያ አንዲት ወጣት ካሜራዋን ይዛ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተገኘች። ሰዎቹ መጽሐፎቻቸውን በፎጣ፣ በትራስ ልብስ፣ አንዷም በባርኔጣ ሣጥን ይዘው መጡ። ወጣቷ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ጠበቀች፤ ግን ማንም መጽሐፉን አስቀምጦ ዞር የሚል አልተገኘም። እያንዳንዱ ገጹን በገዛ እጁ ገልጦ ይዞ ይቆማል።

«እማማ፣ እጅዎን ትንሽ ቢያነሡልኝ?»

«አላነሣም፣ ልጄ። እንዲሁ አንሺው።»

ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቶ ጠርዝ ላይ የሰው ጣት አለ። ወጣቷ በኋላ ሥራው ሳይበላሽባት እንዳልቀረ ተናገረች፤ ቨርዲል ግን ወደደችው።

እህት ዊልሄልሚና መጨረሻ ላይ መጣች። ዓመተ ምሕረቱን በወረቀት ቁራጭ ሸፍናዋለች።

«ዓመቱ ካልታየ ማስረጃ አይሆንም» አለች ወጣቷ።

«እንግዲያው አንቺ ብቻ እዪ።» ወረቀቱን ከማንሣቷ የዲያቆን ሆዚያ አንገት በትከሻዋ በኩል ብቅ አለ።

«እህት ዊልሄልሚና! ለካ እኩያዬ ነሽ!»

«ዘወር በል፣ አንተ ሽማግሌ!»

የተገኘው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ልደት ነው። የቀሩት ዘጠኝ መቶ ዘጠኝ ከመዝገቡ ጋር በማማ መቃብር ላይ ካለው ጥድ ሥር ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ቤተሰቦች ወደ ሰሜን ከተሞች ከሄዱ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ኮሚቴው ተቀበለ። በጸደይ ሰሌዳው ሲቆም የማማ ኦዜላ ስም ከሐኪሙ ስም በላይ ሰፈረ፤ በዘመን የምትቀድመው እሷ ናትና። ቨርዲል ከምርቃቱ በኋላ ሰው ሁሉ ሲሄድ ብቻዋን ቀርታ የፊደሎቹን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። ደስታዋ ሙሉ አልነበረም፤ ዘጠኝ መቶ ዘጠኙን ታስባቸዋለች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ማውንት ኔቦ አሮጊቶች ሁሉ የራሷን የቀብር ሥርዓት ጽፋ ያኖረችበትን ፖስታ ከመሳቢያ አወጣች። መዝሙሮቹ ተመርጠዋል፣ ነጩ ልብስ ተጠቅሷል፣ ማን ንግግር እንደማያደርግ ሳይቀር ተጽፏል። ከሥር በትልልቅ ፊደል አንድ መስመር ጨመረችበት፦ በእጄ ምንም ነገር እንዳታስይዙኝ። ከጎኑም የልደት ገጾቹ ፎቶ ቅጂ ያለበት ሣጥን የት እንደሚገኝ፣ ማን ማን መክፈት እንደሚችል ጻፈች።

ሉርሊን ከትከሻዋ በላይ ሆና አነበበች።

«መሐረብም?»

ቨርዲል ትንሽ አሰበች።

«መሐረብ ይቻላል።»