አፑን የማክሳት ሥራ

ታላቅ እህቴ አምባራስ በሚባል የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች የምትከትባቸውን ሕፃናት በስልኳ እንድትመዘግብ ብዬ፣ ደባርቅ በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ አፕ ሠራሁላት። ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ኮርቼበት ነበር። ለቅዳሜ ገበያ ስትመጣ ስልኳን ተቀብዬ ልጭን ስል «በቂ ቦታ የለም» አለኝ።

«እታለም፣ እነዚህን የተቀዱ ድምፆች እናጥፋቸው። ስልኩን የሞሉት እነሱ ናቸው።»

ስልኩን ከእጄ መነተፈችኝ። «የአባባን ዜማ? አብደሃል?»

አባታችን መሪጌታ ነበሩ። ሳያርፉ በፊት በዚያ ስልክ ቀድታቸዋለች።

«ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጥልሻለሁ።»

«እኔ አምባራስ ሆኜ ካንተ ኮምፒውተር ልሰማ? የራስህን ነገር አሳንስ!» ብላ ሄደች።

ሳምንቱን ሙሉ ስቀንስ ከረምኩ። ለአንዲት ምልክት ብዬ ያስገባሁትን ግዙፍ ላይብረሪ፣ ሌሎች የጻፉትን የኮድ ጥቅል፣ አወጣሁ። በስሜን ተራሮች ማንም የማያነባቸውን የባዕድ ፊደላት ጣልኩ። አንድ ነገር በቀነስኩ ቁጥር ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ኮምፓይል መደረግ፣ ማለትም ስልክ ወደሚገባው ቋንቋ መተርጎም አለበት፤ ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። እንደገና ከሀ! በመጨረሻ ተርጓሚው ኮምፓይለር ለአፑ የማያስፈልገውን ኮድ ራሱ እየለየ እንዲጥል አዘዝኩት። አፑ ግማሽ በግማሽ ከሳ።

በቀጣዩ ቅዳሜ እህቴ መጣች፤ ተጫነ። የአንድ ሕፃን የልደት ቀን አስገባች፤ አፑ ተዘጋ። ደገመች፤ ተዘጋ።

«ይኼ ነው ከሳ ያልከኝ? ሞቷል እኮ!» ብላ ወደ ገበያዋ ወጣች።

ጉዱን ሳገኘው ደሜ ፈላ። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይረው ኮድ ሌላው ኮድ በቀጥታ የሚጠራው አልነበረም፤ አፑ ሲሠራ ነው በስሙ ፈልጎ የሚያገኘው። ኮምፓይለሩ ታዲያ የሚፈልገው የለም ብሎ ጥሎታል። የኛን ዘመን አቆጣጠር፣ እንደ ጉድፍ! ጮኼ ሰደብኩት።

አከራዬ በሩን አንኳኩ። «ከማን ጋር ነው የምትጣላው ልጄ?»

«ከኮምፒውተሩ ጋር ነው፣ እማማ።»

«እሱ እንደሁ አይመልስልህ፤ ምን ያስጮህሃል?»

ያንን ኮድ እንዳይነካው ኮምፓይለሩን በአንድ መስመር ከለከልኩትና እንደገና ኮምፓይል አደረግሁ። እህቴ «መኪናው ሊሄድብኝ ነው!» እያለች ስትገባ አለቀ። ጫንኩላት፤ ቀኑን አስገባች፤ ተቀበላት። ምስጋና ሳትተነፍስ ሮጠች።

ከቀናት በኋላ ኔትወርክ ከሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥታ ደወለች። «በደንብ እየሠራ ነው። አምቢኮ ቀበሌ ለምትሠራው ባልደረባዬም ጫንላት፤ ቅዳሜ ትመጣለች። ስልኳ ግን ከኔም ያረጀ ነው፤ ትንሽ ቀንስለት።»

«ከዚህ ወዲያ ምኑን ልቀንሰው?» ብዬ ጮህኩባት።

ዘግታለች።