መሬት ያደረቀችው ወለተ ሐና

ወለተ ሐና የሽንዲ ሰው ናት። ባሏ በንዳድ ሞተባት፤ ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጎጆዋ ከነጎተራዋ ተቃጠለ። ከእናቷ ልጆች የቀራት ክንዱ ብቻ ነበር። እሱም፣ "እኔ ወደ ዱር ነኝ፤ አንቺ ቡሬ ግቢ፣ ከሰው መሀል አትራቢም" ብሎ መንገድ አስጀመራትና ተለያዩ።

ቡሬ ላይ፣ ጣሊያኖች ከሰፈሩበት ጉብታ ውሃ ቀጂ ሆና ገባች። ወጥ ቤቱንና እጥበቱን ሌሎች ሴቶች ቀድመው ይዘውታል። ለእሷ የደረሳት መሬት ማጠጣት ነበር።

ጣሊያኖቹ ለገበያተኛው የሚለፍፉበት ድምፅ ማጉያ ተክለው ነበር። መብራት ከሚያመነጨው ሞተር ቤት ወደ መናገሪያው ክፍል የሚሄደው ገመድ በእርሳስ ብረት የተሸፈነ ነው፤ ከእርሳሱም ሽቦ ወርዶ ከግድግዳው ሥር ከተቀበረ የመዳብ ሰሌዳ ጋር ተያይዟል። ፀጉሩ የሸበተው መካኒክ የሰሌዳውን ጉድጓድ ከሰልና ጨው ሞልቶ በአስተርጓሚ አስረዳት።

"የሞተሩ ጩኸት በገመዱ ይመጣል። እርሳሱ ይይዘዋል፣ መሬቱ ይውጠዋል። መሬቱ ከደረቀ ግን አይውጥም፤ ጩኸቱ ከሰው ድምፅ ጋር ይደባለቃል። ጠዋትና ማታ እስከ ታች ድረስ አጠጪው።"

"እህል ለማይበቅልበት?" አለች ወለተ ሐና። አስተርጓሚው ይህን ሳይተረጉም አለፈው።

በጋውን ሙሉ አጠጣች። ድምፁም ጥርት ብሎ ገበያው ድረስ ይወርዳል፤ "ግቡ፣ መሣሪያችሁን አስረክቡ፣ ምሕረት አለ" ይላል። አምነው የገቡ ነበሩ። ከገቡት መካከል ዳግም ያልታዩም ነበሩ። እንስራዋን ባዘነበለች ቁጥር ይህ ነገር ከልቧ አይወጣም ነበር።

ሚያዝያ ላይ የክንዱ ባልንጀራ ባዬ ጌሾ ሻጭ መስሎ ገበያ ላይ አገኛት።

"ወንድሜስ?" አለችው ቀድማ።

"ከተለያየን ሰነበትን፤ ደኅና ነው ይላሉ። እተቴ፣ ያ የሚለፈልፈው ነገር ሰው እያስገባብን ነው። ገመዱን እንዳንቆርጥ ዘበኛ አለው።"

ጌሾውን እንደሚገዛ ሰው እያገላበጠች ቆየች። "መቁረጥ አያሻም። ውሃ ጠጪ ነው፤ ሲጠማው ይታመማል።"

ከዚያ ወዲያ ዓይን ለማታለል ያህል ላዩን ብቻ ታረጥብ ጀመር። ገበያ በመጣ ቁጥር ድምፁ እየጎረነነ ሄዶ ኋላ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ጀመር። መካኒኩ ሳጥኑን ፈታ፣ ገጠመ፤ አልሆነለትም።

አንድ የገበያ ቀን ከወንዝ ስትመለስ፣ ሰው የጫነ ካሚዮን አቧራውን እያስነሣ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲወርድ አየች። ጉብታው ላይ ስትደርስ መካኒኩ ከግድግዳው ሥር ቆፍሮ እንደ ዱቄት የደረቀ አፈር በመዳፉ ይዟል። አያት እንጂ አልመታትም። አስተርጓሚው ግን ተቆጣ።

"ዛሬ ምን እንደተለፈፈ ታውቂያለሽ? በሽንዲ በኩል የተያዙት ሊወሰዱ ነው፣ ዘመድ ያለው መጥቶ ይሰናበት፣ ስንቅም ያቀብል ተባለ። ስማቸው ተጠራ። አንድም ሰው አልሰማም፣ አልመጣም።"

"እነማን ናቸው?"

ይቆጥርላት ጀመር። የክንዱን ስም ስትሰማ እንስራዋን አስቀመጠችና መንገዱን ይዛ ሄደች። አድራ ፍኖተ ሰላም ስትደርስ ካሚዮኑ ካለፈ ቆይቷል። ጅጋም ድረስ ሄደች፤ ሲያልፍ ያየ እንጂ የት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከክንዱ ጋር የተጫነ ተስፋው የሚባል ሰው ከእስር ተመልሶ አፈላልጎ አገኛት። ክንዱ እስር ቤት ውስጥ በተስቦ መሞቱን ነገራት።

አልቅሳ ስትበቃ፣ "ቡሬ ላይ ሰው ሳይመጣላችሁ ሲቀር ወንድሜ ምን አለ?" ብላ ጠየቀችው።

"ጩኸቱ ብሶ ስማችንን እኛው እንኳ በቅጡ አልሰማነውም። ክንዱ ሳቀ። 'እንዲህ ከሆነማ ማንም አይገባላቸውም' አለ። ኋላ ግን ዓይኑ ገበያተኛው ላይ ነበር። እርስዎን ሲፈልግ ነው መሰለኝ።"

ሽንዲ ተመልሳ ጎጆ ቀለሰች፤ ለወንድሟም ተዝካር አወጣች። ለተዝካሩ ባዬ ሙክት ነድቶ መጣ። ካህናቱ ሲቀመጡ እሱ ከደጅ ቆመ፤ ጠላ ይዛለት ወጣች።

"እተቴ፣ ያን ጊዜ ባልመጣብሽ ኖሮ..."

"ተው። አንተ ስለ ገመድ ነበር የነገርከኝ፤ ያደረቅሁት እኔ ነኝ። ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ሳይገባላቸው ቀረ፤ ያንንም አስብ።" ዋንጫውን አስያዘችው። "ይልቅ ግባ፣ ከሰው ጋር ተቀመጥ።"