የተደፈነው ሆሽ

እሑድ፣ የጥር መጀመሪያ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ኩዌት፣ ራይ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የጂፕሰም ጣሪያ መሸጫ፣ አንዲት ማዳም፣ ሳባህ አል-ሳሌም በሚባለው ሰፈር፣ የምታሠራው ቤት በስክሪን ሲታይ ሆሹ ተደፍኖ ተገኘ። ሆሽ የሚሉት በቤቱ መሀል ያለውን፣ ሰማይ የሚታይበትን ክፍት ግቢ ነው።

እኔ የሱቁ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበርኩ። አገር ቤት ሳለሁ ዜና እጽፍ ነበር፤ ኩዌት ስመጣ ስለ ጣሪያ መጻፍ ጀመርኩ። ጣሪያ ቢያንስ ማስተባበያ አይልክም።

ሥዕሉን የሚያወጣውን ፕሮግራም የምትጽፈው አንዲት ወጣት የአገሬ ልጅ ነበረች። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ነው። የሱቁ ባለቤት፣ ሁላችንም ሙዲር የምንለው፣ ጠዋት እንደገባ እየሰማን ነገራት፤ ማዳም ከገዛች ኢቃማው ይታደሳል፣ ካልገዛች የአዲስ አበባ ትኬት ይቆረጣል።

ሆሹ የተደፈነበት ምክንያት ኮከብ ነው። ልጅቷ እንዳስረዳችኝ፣ ኮምፒውተር ማንኛውንም ቅርጽ የሚሞላው በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ቆራርጦ ነው። ቆራጩን እሷ አልሠራችውም፤ ላይብረሪ ከሚሉት ዝግጁ የኮድ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። እሷ የምትነግረው አንድ ነገር አለ፤ መስመሮች ሲደራረቡ ውስጡ ይሞላ ወይስ ክፍት ይቅር? ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ሐሙስ ሙዲሩ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ያለበት ጣሪያ ሲያይ፣ የኮከቡ መስመር ራሱን እያቋረጠ ስለሚሄድ መሀሉ ባዶ ሆኖ ነበር።

“ሆዱ የተበሳ ኮከብ አልሸጥም” አለ።

ሴቲንጉን “ይሞላ” አደረገችው። ኮከቡ ሞላ፤ ሙዲሩ ለሁላችን ሻይ አዘዘ። ሴቲንጉ ግን ለኮከቡ ብቻ ሳይሆን ለመላው ፕሮግራም ነበር። የማዳም ቤት ጣሪያና የሆሹ መስመር ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ዞረው ስለተሳሉ፣ ማሽኑ ሁለቱንም አንድ ላይ ደፈናቸው።

“ጋሼ፣ አለቀልኝ” አለችኝ በአማርኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “የሆሹን መስመር በተቃራኒ አቅጣጫ ባዞረው ይከፈታል። ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል።”

“ለሙዲሩ ንገሪው።”

ነገረችው። ሙዲሩ ወደ እሷ ሳይዞር ማዳምን ፈገግ ብሎ አያት።

“አዲሱ ሞዴላችን ነው ማዳም። ሆሽ ከነጣሪያው።”

ማዳም ስክሪኑ ላይ ሆሹን በጣቷ ነካች። “ሰማዩስ?”

“በጂፕሰም እንሠራዋለን። ከነደመናው።”

“ኩዌት ደመና የታለ?”

“ለዚህ እኮ ነው የምንሠራው።”

ከማዳም ኋላ ቦርሳዋን ይዛ የቆመችው የቤት ሠራተኛ ወሎዬ ናት። ወደ እኛ ጠጋ አለች።

“እህቴ፣ እንዳትከፍቺው አደራ።”

“ለምን?”

“አሁን ያለንበትም ቤት ሆሽ አለው። አቧራ በመጣ ቁጥር ጠራጊዋ እኔ ነኝ። ጠርጌ ቀና ስል ሌላው ይወርዳል። ወላሂ፣ ይሄን ሳይ ነው ወገቤ ቀለል ያለኝ።”

“ስህተት እኮ ነው።”

“የማን ስህተት?”

“የእኔ።”

“እንግዲያው አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ።”

ልጅቷ ግን ስህተት እያየች መቀመጥ አልሆነላትም። ሙዲሩ ደመናው ነጭ ይሁን ወይስ ክሬም እያለ ሳለ መስመሩን ገለበጠችው። ሆሹ ስክሪኑ ላይ ተከፈተ።

“ቤቴን ማን ቀደደው?” አለች ማዳም።

“ትክክሉ ይሄ ነው ማዳም” አለች ልጅቷ። “ መሐንዲስሽ የላከው ፕላን ላይ ክፍት ነው።”

“መሐንዲሱ አይኖርበትም።”

“ድፈኚው” አለ ሙዲሩ፣ አሁንም ፈገግ እንዳለ።

ወደ እኔ ዞረች። “ጋሼ፣ ትክክሉን ላበላሸው?”

“ፕላኑ ክፍት ይላል። ገዢዋ ድፈኑ ትላለች። ሁለቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

“ይሄ ምክር ነው ወይስ ዜና?”

መልሴን አልጠበቀችም። ደፈነችው። ማዳም ከሰዓት በፊት ፈረመች፤ ደመናው ክሬም እንዲሆን ተስማሙ። ሠራተኛዋ ስትወጣ የልጅቷን ትከሻ መታ አድርጋ ሄደች።

ሙዲሩ ከዚያ በኋላ ማንም ሴቲንጉን እንዳይነካ አዘዘ። እኔም “ሆሽ ከነጣሪያው” የሚል ማስታወቂያ ጻፍኩ፤ ጣሪያ ስላለው ማስታወቂያው ውሸት የለበትም። ማክሰኞ ሌላ ደንበኛ መጣ። ስክሪኑ ላይ የእሱ ቤት ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ወጥቶ፣ የተደፈነ ጣሪያ ሥር ቆመ።

“ላይኛው ፎቅ ማን ይኖራል?” አለ ሙዲሩ።

“አማቴ።”

“ታዲያ?”

ደንበኛው ጥቂት አሰበና ዋጋ ጠየቀ። ስለ ሆሹም ሆነ ስለ ደረጃው የጠየቀ መሐንዲስ በዚያ ሳምንት ሱቁ ድረስ አልመጣም።

ልጅቷ ሰኞ ስለ ኢቃማዋ ስትጠይቅ ሙዲሩ “ኢንሻአላህ” አላት። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ሻንጣዋን ማንጋፍ ሰፈር ካለው ክፍሏ ይዛ መጣች፤ ከጠረጴዛዋ ሥር አስገብታ ሥራዋን ቀጠለች። ሙዲሩ ሻንጣውን አይቶ አለፈ።

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ኢቃማው ታደሰ። ለአንድ ዓመት ነው። ሙያ በሚለው ቦታ ላይ “ጣሪያ ገጣሚ” ይላል።